ስለ ልብ ትርታ መፍጠንና መዝለል

የትልቅ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ የሕፃን ልብ ግን ከዚህ ይልቅ ይፈጥናል። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በአንድ ቀንና ሌሊት 100,800 ጊዜ ይመታል። አስተማሪው ይህን ለሒሳብ ትምህርት ቢሰጠው ተማሪዎች የልብን ሥራ ብዛት ይረዱታል።

ልቡ ሲዘል የሚሰማው ሰው እጅግ ይፈራል። ሌሊት ተኝቶ ሳለ «ልቤ ቀጥ አለ፤ ደግሞም ድው አለብኝ» ይላል፤ ሞቱ የቀረበ መስሎት ሥራውን የሚተውም ይገኛል። የነገሩ ምክንያት ግን ይህ ነው። አንዱ ምት ከጊዜው ቀድሞ ይመጣል፤ ከእርሱ በኋላ ልብ ጥቂት ይዘገያል፤ በዘገየበትም ጊዜ ብዙ ደም ይሞላበታል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ምት ይበረታል። ሰውየው የሚሰማው ይህን ብርቱ ምት ነው እንጂ ልቡስ አልቆመም። ይህ በጤነኛ ሰዎችም ዘንድ ይገኛል። ፍርሃቱ ራሱ ልብን ያፈጥናል፤ የፈጠነውም ልብ ፍርሃትን ይጨምራል፤ እንዲህም አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ሌሊቱ ይነጋል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ትኩሳት፣ የውሃ ጥም፣ አረቄ፣ ትምባሆና ጫት ልብን ያውካሉ። በቡና ላይ ግን ቶሎ መፍረድ አይገባም። አንዱ አቦልና ቶና፣ በረካም ጠጥቶ ምንም አይሰማውም፤ ሌላው በአንድ ሲኒ ይታወካል። የሚጠራጠር ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ትቶት ይፈትን፤ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ራሱን ቢያመው ቡናው ስለ ቀረበት ነው። ጎረቤት ጠርቶ ሳለ «አልጠጣም» ማለት እንዲያስቸግር እናውቃለን፤ ነገር ግን ውሃ እየጠጡ ከቡናው ተራ መቀመጥ ነውር የለበትም። ማንበብ የሚችል ሁሉ ልቡ የታወከበትን ቀንና ሰዓት፣ አስቀድሞም የበላውንና የጠጣውን በደብተር ቢጽፍ ለሐኪሙ ታላቅ እርዳታ ይሆናል። ትርታውን ለመቁጠር ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች አኑሮ አንድ ደቂቃ ሙሉ በሰዓት መከታተል ነው።

ይሁን እንጂ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጥ፣ ወይም ከዘመዶቹ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። ጉሮሮውን ታምሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበቱና ክርኑ የሚያብጥ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ይህ ደዌ የልብን በሮች ያበላሻልና። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛትም ልብን ያፈጥናሉ፤ እነርሱ በየራሳቸው መድኃኒት ይታከማሉ።

ሐኪሙ የልብን ሥራ በወረቀት ላይ በሚጽፍ መሣሪያ ይመረምራል። ለዚህ ጥበብ የሆላንዱ ሊቅ ዊለም አይንትሆቨን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ምርመራው ልቡን ጤነኛ ሆኖ ካገኘው፣ ብዙ ሰው ያለ መድኃኒት ይኖራል። ትርታው ዕረፍት ለሚነሣው ግን ፕሮፕራኖሎል የሚባለው ኪኒን ይታዘዛል፤ ይህም ልብን ያዘገያል፤ መዝለሉን ግን ሁልጊዜ ፈጽሞ አያጠፋውም። አስም ያለበት ሰው ከመውሰዱ አስቀድሞ ሕመሙን ለሐኪሙ ይንገር፤ ኪኒኑ ትንፋሽ ሊዘጋበት ይችላልና። የጀመረውም ሰው «ተሻለኝ» ብሎ በአንድ ቀን አያቋርጥ፤ ልቡ ከቀድሞው ይልቅ ሊፈጥን ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ይተወዋል። ለአንዱ የታዘዘውን ኪኒን ለጎረቤት ማካፈልም አይገባም።