አምስቱ ቀለበቶች

ከደረስጌ ወደ ደባርቅ ገበያ ወርዶ የተመለሰ አንድ ወጣት፣ ደረቱ ላይ አምስት ቀለበቶች ያሉበት ካናቴራ ለብሶ ወደ ማታው ትምህርት መጣ። አንድ አባት ትኩር ብለው አዩትና፣ «የኔ ልጅ፣ ይህ የምን ምልክት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ልጅ ሳለሁ እንደሰማሁት፣ «አባቴ፣ የኦሊምፒክ ነው። ጥቁሩ አፍሪካ፣ ቢጫው እስያ፣ ቀዩ አሜሪካ ማለት ነው» ብዬ ፈጥኜ መለስኩ። ኋላ ሳጣራ መልሴ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ስሕተት አስተምሮ ዝም ማለት ነውር ነውና ይህን ትምህርት ለማረሚያ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ኦሊምፒክ ምንድን ነው?

የልዩ ልዩ አገር ስፖርተኞች በየአራት ዓመቱ ተሰብስበው በሩጫ፣ በዝላይ፣ በዋና፣ በትግልና በሌላም የሚወዳደሩበት በዓል ነው። ጥንት በግሪክ አገር ይደረግ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንደገና የተጀመረው በ1888 ዓ.ም. በአቴንስ ከተማ ነው። ለዚህ ብዙ የደከሙት ፒየር ደ ኩበርተን የተባሉ ፈረንሳዊ ናቸው። በ1905 ዓ.ም. ምልክቱን የነደፉትም እሳቸው ናቸው።

ባንዲራው ምን ይመስላል?

ጨርቁ ነጭ ነው። መካከሉ ላይ አምስት ቀለበቶች አሉ፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ፣ ከታች ቢጫና አረንጓዴ። እንደ ሰንሰለት አንዱ ባንዱ ውስጥ አልፎ የተያያዘ ስለሆነ፣ አንዱን ለማላቀቅ መቁረጥ ግድ ይላል።

ትርጉሙስ?

አምስቱ ቀለበቶች አምስቱ የዓለም ክፍሎች ናቸው፤ እነሱም አፍሪካ፣ እስያ፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ፣ እንዲሁም አውስትራሊያ ከአካባቢዋ ደሴቶች ጋር። ቀለሞቹ ግን ለየአህጉሩ የተከፋፈሉ አይደሉም። ኩበርተን እንደጻፉት፣ አምስቱ ቀለሞች ከነጩ ጋር ስድስት ይሆናሉ፤ በዚያ ዘመን የነበረ አገር ሁሉ የባንዲራውን ቀለም ከነዚህ ውስጥ ያገኛል። እስቲ የእኛን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ፈልጉ፤ ሦስቱም አሉ! ስለዚህ ለአፍሪካ ጥቁሩ ብቻ አልተሰጣትም፤ ቀለሞቹ ሁሉ የሁሉም ናቸው።

የተያያዘው ሲላላ

ባንዲራው በሰኔ 1906 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ለጉባኤ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና በርሊን ላይ ሊደረግ የታሰበው ውድድር ቀረ። ባንዲራው በውድድር ሜዳ የተሰቀለው በ1912 ዓ.ም. በቤልጂየም፣ አንትወርፕ ከተማ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ባንዲራ ሥር መጀመሪያ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። የሮጠበት መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአክሱም በወሰዱት ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ግን አገራችን ሞንትሪያል ላይ አልሮጠችም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወዳለባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተቃውመው ከውድድሩ ወጡ። ምሩጽ ይፍጠር ያን ጊዜ ዕድሉ አመለጠው። አራት ዓመት ጠብቆ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። ኢትዮጵያ በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ሶል ላይ ቀርታለች።

እንደገና ሲያያዝ

በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር አንደኛ ወጣች። ሁለተኛዋ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯ በዘር መድልዎ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ታግዳ የተመለሰችው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ኩበርተን በጨርቅ ላይ የሳሉትን እነሱ በእጃቸው አሳዩት። ባንዲራው ትርጉም የሚኖረው ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉት ነው።

ጥያቄዎች

1. ጥቁሩ ቀለበት የአፍሪካ ብቻ ነው ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?
2. ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. ለምን ሳትወዳደር ቀረች? ተገቢ ነበር ትላላችሁ? ተወያዩበት።
3. አምስቱን ቀለበቶች አያይዛችሁ ሳሉ፤ የየቀለማቸውንም ስም ከሥር ጻፉ።