የሕዝብ ቤት አሠራር

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ «ማን ይኖርበታል?» ብሎ ይጠይቃል። የሕዝብ ቤት የሚሠራ ግን «ማን ይመጣበታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

አርቱሮ መዘዲሚ የተባለው ኢጣልያዊ አርክቴክት በ1950ዎቹ ዓ.ም. የነደፈው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ ከለገሃር ሽቅብ በሚወጣው በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ከሩቅ ይታያል። ከጽሕፈት ቤቶቹም ጋራ የቴአትር አዳራሽ ስላለበት፣ ሕዝቡ ለጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለጨዋታም ይገባበታል።

እንደ ፍኖተ ሰላምና እንደ ቡሬ ላሉ ከተሞች ግን ትልቅነቱን ሳይሆን አሳቡን እንውሰድ።

1ኛ/ ቦታው ለገበያና ለመንገድ ቅርብ ይሁን፤ ከገጠር የመጣ ሰው ሳይደክም ያገኘዋል።

2ኛ/ የጎጃም ክረምት ብርቱ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ የተናጋሪው ቃል አይሰማም፤ ስለዚህ ከሥሩ ኮርኒስ ያስፈልጋል።

3ኛ/ ረዣዥሞቹ ግድግዳዎች ከነመስኮቶቻቸው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ። ያን ጊዜ የጧትና የማታ ፀሐይ ዓይን ሳይወጋ ብርሃን ይገባል።

4ኛ/ በዙሪያው ሰፊ በረንዳ ከነመደቡ ይሠራ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። አዳራሽ የሚከፈተው ስብሰባ ሲኖር ነው፤ በረንዳ ግን ቍልፍ የለውም። ልጇን ያዘለች ገበያተኛ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠለልበታለች፤ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቁበታል፤ ተማሪም ያነብበታል።

አባቶቻችን ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ፣ መንገድ አላፊውም ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዋርካው የጎደለው ዝናብ የማያሳልፍ ጣራ ብቻ ነው። እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር፣ ጣራውን ይጨምር እንጂ ዋርካውን አይርሳ።