ስለ ሰውነት ቍጣና ስለ ሥጋ ደዌ

ሰውነትን ከደዌ የሚጠብቀው ኃይል ከመጠን ሲያልፍ ባለቤቱን ይጐዳል፤ የጀጎል በር ጠባቂ ጠላትን ሲያሳድድ የከተማውን ቤት እንደሚያፈርስ ያለ ነው።

ሐኪሞች ይህን ቍጣ በ4 ይከፍሉታል። 1ኛው እንደ አስም ወዲያው ይነሣል፤ 2ኛው ለሕመምተኛ የተሰጠውን የማይስማማ ደም ያጠፋል። 3ኛውና 4ኛው በሥጋ ደዌ ይታያሉ፤ ለዚሁ ደዌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከሐረር አጠገብ በቢሲዲሞ ሐኪም ቤት ተሠርቷል።

በ3ኛው ቍጣ ትኵሳትና የሚያም እብጠት ይመጣል፤ በ4ኛው ነባሩ ምልክት ይቀላል፥ ነርቭም ይታመማል። ይህም መድኃኒቱ ሲወሰድና ከተፈጸመም በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፥ አንዳንድ ሰው «መድኃኒቱ ጐዳኝ» ብሎ ይተዋል። ስሕተት ነው፤ ቍጣው በሞቱት ተሐዋስያን ቅሪት ላይ እንኳ ይነሣልና።

ስለዚህ መምህርና ሽማግሌ ሕመምተኛውን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላኩት፤ ቢዘገይ እጁ ይሰልላል፥ ዓይኑም አልከደን ይላል።