ምዕራፍ 7፦ ገና ያልተሠራ ዕቃ ስንት ያወጣል?

ሙስካት ውስጥ በበጋው ወራት መስኮት ከፍቶ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ ይጨመርበታል፣ ኤሲው ሌት ተቀን ይሠራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ደግሞ ያንኑ የክፍሉን አየር እያዞረ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም። ስለዚህ ሩዊ ወይም አል ኹዌር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከሥራ መልስ ካውያውን ሰክቶ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሶልደር የሚያደርግ ሰው፣ ያወጣው ጭስ አብሮት ያድራል።

ብዙ ሰው ጭሱ ከሶልደሩ የሚወጣ የእርሳስ ትነት ይመስለዋል። ካውያ የሚሠራው በ350 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርሳስ የሚፈላው ግን ከ1,700 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በካውያ ሙቀት ይህን ያህል አይተንም። እርሳሱ የሚጎዳው በእጅ ተነክቶ ወደ አፍ ሲገባ ነው፤ ከሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ዓይን የሚያቃጥለውና ጉሮሮ የሚከረክረው ነጭ ጭስ የሚወጣው ሶልደሩ እንዲይዝ ከሚረዳው ፍላክስ ነው፤ በተለይ ከጥድ ሙጫ ከሚገኘው ሮዚን። ይህ ጭስ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። የዚህ ምዕራፍ ምሳሌ የሆነውን የጭስ መሳቢያ መሥራት ቁም ነገር ያለው ሥራ ነው የምለውም ለዚህ ነው፤ ገዢው የሚገዛው የገዛ ሳንባውን ጤና ነው።

ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ መሳቢያዎች አንድ ማራገቢያና ከፊቱ የተለጠፈ ስስ ጥቁር ስፖንጅ ናቸው። ስፖንጁ ካርቦን አለው፤ ካርቦን ሽታንና ጋዝን ይይዛል እንጂ ደቃቁን የጭስ ብናኝ አያስቀርም። ብናኙን የሚይዘው ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ደረጃውን የጠበቀው 0.3 ማይክሮን ከሆነው ብናኝ 99.97 በመቶውን ያስቀራል። ችግሩ ሄፓ አየር አፍኖ መያዙ ነው። ማራገቢያው አየሩን በግድ ለመሳብ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይጮኻል፣ ሲጮኽ ባለቤቱ ያጠፋዋል። የጠፋ መሳቢያ ደግሞ ካልተገዛ አይሻልም። ዝምታ ለዚህ ዕቃ ቅንጦት ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ መንገዱ ሰፊ ማጣሪያ፣ ትልቅ ማራገቢያና ዝግ ያለ ዙር ነው።

ዋጋ ከማውጣትዎ በፊት ግን ዕቃው በእርግጥ ጭስ እንደሚስብ ይወቁ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሙትራህ ገበያ የሚሸጠው የዶፋር ሉባንም ሆነ ከአገር ቤት የመጣ ዕጣን ይበቃል። ትንሽ ፍም ላይ አንዲት ፍሬ ይጣሉና ከመሳቢያው አፍ በ10፣ በ15፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያስቀምጡት። ኤሲውን ለጊዜው ያጥፉ። በቅርብ ርቀት ጭሱ እንደ ክር ተስቦ ሲገባ ያያሉ፤ ትንሽ ሲርቅ ግማሹ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ከዚያ በኋላ ጭሱ መሳቢያው መኖሩንም አያውቅም። የመሳብ ኃይል ከአፉ የአፉን ስፋት ያህል ብቻ ሲርቅ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳልና ውጤቱ አያስደንግጥዎ። ያገኙትን ርቀት ይጻፉት፤ ለገዢ የሚነገረው እሱ ነው። ድምፁንም ማጣሪያው በቦታው እያለ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት፣ በየትኛው ፍጥነት እንደተለካ አብረው ይጻፉ። የማራገቢያው አምራች በካርቶኑ ላይ ያተመው ዴሲቤል ማጣሪያ ሳይኖር የተለካ ነው፤ እሱን ገልብጦ ማስታወቂያ ላይ ማድረግ ገዢን ማታለል ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ እርስዎ በራስዎ ይተኳቸው። ማራገቢያ 4 ሪያል፣ ማጣሪያዎች 3፣ ሳጥኑ 5፣ የኃይል አስማሚና የፍጥነት መቆጣጠሪያ 2፣ መጠቅለያ 1፣ መገጣጠሚያና መፈተሻ ጉልበት 3፤ ድምሩ 18 ሪያል። ጀማሪ እዚህ ቆሞ «በ25 ብሸጠው 7 አተርፋለሁ» ይላል። አያተርፍም። ዕቃው ሳይሠራ ከገዢዎች ገንዘብ የሚሰበሰብበት ኪክስታርተርን የመሰለ መድረክ 5 በመቶ ይወስዳል፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ወደ 3 በመቶ ይጨምርበታል፤ 2 ሪያል ሄደ። ከ20 ዕቃ አንዱ ተበላሽቶ ቢመለስ፣ አዲስ ሠርቶ በፖስታ መላኩ 28 ሪያል ቢፈጅ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ 1.4 ሪያል ይደርሰዋል። ለሙከራ ናሙና፣ ለደኅንነት ፍተሻና ለፎቶግራፍ 700 ሪያል ወጥቶ ከሆነ በ100 ዕቃ ሲካፈል 7 ሪያል ነው። ከ25ቱ ላይ ይህ ሁሉ ሲነሣ በእያንዳንዱ ዕቃ 3.4 ሪያል ከኪስዎ ይከፍላሉ፤ የራስዎ ድካም ገና አልተቆጠረም።

በ40 ሪያል፣ ማለትም በ104 ዶላር ገደማ፣ ሲሸጡት ያው ስሌት 10.4 ሪያል ያስተርፋል። በዚህ ዋጋ ሩዊ ያለ ባለሱቅ 30 በመቶ ትርፍ ልያዝ ቢልዎ እንኳ፣ በሱቅ ሽያጭ የመድረክ ክፍያ ስለሌለ አይከስሩም። በ25 ግን ባለሱቁን ማናገርም አይችሉም። ውድ ያልኩ እየመሰለኝ ዋጋ ቀነስኩ የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ የቀነሱት ከገዢው ዕቃ ላይ ነው።

መላኪያውን ከዋጋው ለይተው ያስከፍሉ። አየር ጫኚዎች ቀላል ግን ግዙፍ ዕቃን በስፋቱ ይመዝኑታል፦ ርዝመት በወርድ በቁመት ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 30 በ25 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ውስጡ አንድ ኪሎ ቢሆንም እንደ 3 ኪሎ ይከፈልበታል። ካርቶኑን ማሳነስ ከአምራች ጋር ዋጋ ከመከራከር የበለጠ ሊያተርፍዎ ይችላል። የቀረጥ ነገርም ተለውጧል፤ አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆኑ ጥቅሎች የነበረውን ነፃ መግቢያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2025 አቁማለች።

ክራውድፈንዲንግ፣ ማለትም ዕቃው ሳይሠራ ከብዙ ሰው ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕቁብ ለጣለ ሰው እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያውን ዕጣ የበላ ሰው ዋስ ይጠራል። እዚህ ግን የመጀመሪያውን ዕጣ የሚበሉት እርስዎ ነዎት፤ ዋስ የሚጠይቅዎ የለም። ዋስዎ በትክክል የተሰላ ዋጋ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩለስት ኩለር ለተባለ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሳጥን ከ62,000 በላይ ሰዎች በኪክስታርተር ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ። የተጠየቀው ዋጋ ዕቃውን ሠርቶ ለማድረስ አልበቃም። ቀድመው የከፈሉት እየጠበቁ ኩባንያው ገንዘብ ለማግኘት በአማዞን በውድ መሸጥ ጀመረ፤ በ2019 መጨረሻ ሲዘጋ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች እጃቸው ባዶ ነበር። ብዙ ገዢ ማግኘት የተሳሳተ ዋጋን አያድንም፤ ኪሳራውን ያባዛዋል።

በእኛ ምሳሌ በ40 ሪያል የ700 ሪያሉን ወጪ የሚመልሰው 41ኛው ዕቃ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ግብ ከ1,640 ሪያል መውረድ የለበትም። ቶሎ ሞላ ለመባል 500 ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ኪክስታርተር ግቡ ካልሞላ የማንንም ገንዘብ የማይወስደው ለከፋዩም ለእርስዎም ጥበቃ እንዲሆን ነው።

ሙስካት ላሉ አንባቢዎች አንድ ጥብቅ ነገር አለኝ። ኪክስታርተር ከኦማንም ሆነ ከኢትዮጵያ ፕሮጀክት ከፋች አይቀበልም። በኦማን ውስጥ የክራውድፈንዲንግ መድረኮች የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ደንብ፣ በፈቃድ ነው፤ ተቆጣጣሪው ከ2024 ጀምሮ የፋይናንስ አገልግሎቶች ባለሥልጣን ይባላል። ያለ ፈቃድ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ በሕግ ያስጠይቃል። መኖሪያ ፈቃድዎ በአሠሪ ስም ከሆነ ደግሞ በራስዎ ስም መነገድ መኖሪያዎን ሊያሳጣዎ ይችላል። የሚያዛልቀው ፕሮጀክቱ በሚፈቀድበት አገር ከሚኖር ሰው ጋር መሥራት ነው፤ በሕግ የሚጠየቀው እሱ ስለሚሆን ግብሩን፣ የተመላሽ ዕቃውን ወጪና የትርፍ ድርሻውን ዘመድም ቢሆን በጽሑፍ ይዋዋሉ።

ውሉ ውስጥ የማጣሪያውን ጉዳይ ያስገቡ። የሙስካት አቧራ ማጣሪያ ቶሎ ይደፍናል፤ የተደፈነ ማጣሪያ ድምፅ ያመጣል፣ ጭስም ይለቃል። የመተኪያ ማጣሪያ ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ይገለጽ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቀርብም ይጻፍ፤ መጠኑም ሌላ ቦታ ሊገዛ የሚችል የተለመደ ይሁን።