ከሮቶው የወረደ ውኃ ራሱን መልሶ ይሰቅላል?

ለገጣፎ ላይ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰማው የጎረቤት ጄኔሬተር ነው። ቀጥሎ የሚሰማው ወሬ ነው፦ «ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጄኔሬተር የፈጠረ ልጅ አለ፤ የሚያግዘው አጣ እንጂ።» ይህ ወሬ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም አለ፤ የሚለያየው ልጁ ብቻ ነው። ማሽኑ የትም አንድ ነው። ሞተር በቺንጊያ ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞው ከሚያመነጨው ግማሹ ተመልሶ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፤ የተረፈው አምፖል ያበራል። ባትሪ የሚያስፈልገው ለማስነሻ ብቻ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ማን ያቆመዋል!

በዚህ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ስቆ ብቻ ያለፈ ሰው፣ ነገ ማሽኑ ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ ገንዘቡን ያወጣል። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና እናስላው።

ቺንጊያና ሽቦ ዓይን ያምታታሉ፤ በውኃ እንጀምር። ግቢያችሁ ውስጥ 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አለ እንበል። ሲሞላ ውኃው 1000 ኪሎ ነው። ኪሎውን በከፍታው፣ ከዚያም በመሬት ስበት፣ ማለትም በ9.8 አባዙት፦ 98,000 ጁል። ብዙ ይመስላል። በቆጣሪ ቋንቋ ግን 27 ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ 10 ዋት የሚፈጅ አንድ አምፖል ለ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ያበራል። ያውም ምንም ሳይባክን። ከዚያ ሮቶው ባዶ ነው።

አሁን ፈጣሪው መጣ። «ውኃው ሲወርድ ትንሽ ተርባይን ያዙርልኝ፤ በሚገኘው መብራት ፓምፑን አስነሥቼ ውኃውን መልሼ እሰቅላለሁ፤ ትርፉን እሸጣለሁ» አለ። ትርፉን እንፈልግለት። እንዲህ ያለ ትንሽ ተርባይን ከነዲናሞው ከተቀበለው 60 በመቶውን ከሰጠን ጎበዝ ነው፤ 98,000ው ወደ 58,800 ወረደ። ፓምፑም በተራው 60 በመቶውን ብቻ ለውኃው ያስተላልፋል እንበል፤ 35,280 ቀረ። ይህ ወደ ሮቶው የሚመልሰው 360 ሊትር ነው። 1000 ወረደ፣ 360 ወጣ። በሁለተኛው ዙር 130 ገደማ፣ በሦስተኛው 47። በአምስተኛው ዙር የሚወጣው ስድስት ሊትር ለእግር መታጠቢያ ይበቃል። አምፖሉን ገና አላበራንም!

የቀረው የት ገባ? ፓምፑን ዳብሱት፣ ሞቋል። ጩኸቱን ስሙ። ውኃው ቱቦውን እየፋተገ ነው የሚሄደው። ጉልበቱ አልጠፋም፤ ለቅመን ወደማንመልሰው ሙቀት ተለወጠ። «የተሻለ ፓምፕ ብገዛስ?» የሚል ተማሪ መቼም አይጠፋም። ግዛ! ሁለቱም 90 በመቶ ይስጡህ፤ በየዙሩ 81 በመቶ ይመለስልሃል። ሰበቃ የማያውቀው ፍጹም ዕቃ ከሰማይ ቢወርድልህ እንኳ 1000 ወርዶ 1000 ይወጣል፤ ለአምፖሉ የሚተርፈው ዜሮ ነው። ዕቁብ ዙሩ ስለበዛ ገንዘቡ አይበዛም፤ እዚህ ደግሞ ዳኛው በየዙሩ ይቆርጣል።

ማግኔት ቢጨመርበትስ? ማግኔት ብረቱን ሲቀርብ የጎተተውን ያህል ሲርቅ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስለዚህ የሚተርፍ የለም።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ፦ «አገሩ ራሱ አንድ ውኃ ሁለት ጊዜ ያሠራ የለም ወይ?» እውነት ነው። 184 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ጊቤ አንድ የወጣው ውኃ፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ጊቤ ሁለት ላይ እስከ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ሁለተኛው ከአንደኛው በለጠ! ምሥጢሩ ግን ዋሻው ጫፍ ላይ ነው፤ ውኃው ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል እንደገና ይወርዳል። ሁለት ጊዜ የሠራው ሁለት ጊዜ ስለወረደ ነው። ከቆቃ ወደ አዋሽ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሦስት የሚሄደው ውኃም እንዲሁ ነው። ወደ ላይ የምትመልሰው ፀሐይ ናት፤ ከባሕር አትንና፣ ደመና አድርጋ። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች በየክረምቱ የሚሞሉት በእሷ ወጪ ነው። (የጊቤ ሁለት ዋሻ በጥር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ በቀናት ውስጥ በከፊል መደርመሱን የሚያስታውስ ሰው መቼም «ነፃ ኃይል» አይለውም።)

በዚህ የተታለልነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1813 ቻርልስ ሬድሄፈር የተባለ አሜሪካዊ ኒው ዮርክ ላይ «ራሱን በራሱ የሚያዞር» ማሽን በክፍያ ያሳይ ነበር። በእንፋሎት መርከብ የሚታወቀው ሮበርት ፉልተን ሊያይ ገባና አዟዟሩ እኩል አለመሆኑን አስተዋለ፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ከማሽኑ ጎን ያለውን ጣውላ ሲያስነቅል ከአንጀት የተሠራ ቀጭን ቺንጊያ ተገኘ። ቺንጊያውን ተከትለው ሲሄዱ ጓዳው ውስጥ አንድ ጢማም ሽማግሌ በአንድ እጁ እያዞረ፣ በሌላው ደረቅ ዳቦ ይበላል። የማሽኑ ነዳጅ ዳቦ ነበር ማለት ነው። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1775፣ እንዲህ ያለ ማሽን አልመረምርም ብሎ በሩን ዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በውኃ የሚሄድ መኪና ሠራሁ ያለውን ስታንሊ ሜየርን የኦሃዮ ፍርድ ቤት አጭበርብረሃል ብሎ፣ የሁለት ባለሀብቶችን 25,000 ዶላር እንዲመልስ ፈርዶበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዚምባብዌ ውስጥ ከአለት የተጣራ ናፍጣ አፈልቃለሁ ያለች ሴት ሚኒስትሮችን ሳይቀር አሳምናለች። ነዳጅ ሲጠፋ አለትም ይታመናል። ለገጣፎ ላይ በሻማ የሚያመሽ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አልፈርድበትም።

በልጁም አልፈርድም። ከቁርጥራጭ ብረት ሞተርና ዲናሞ ማጋጠም፣ ፑሊ ማስተካከል፣ ሽቦ መጠምጠም የእጅ ሙያ ነው። ያንኑ ዲናሞ ወራጅ ወንዝ ላይ ቢተክለው በእርግጥ መብራት ያገኛል። ችግሩ ያለው ሞተሩን ከዲናሞው ጋር አጋብቶ ልጅ ሲጠብቅ ነው።

ስለ ባትሪው አንድ ስሌት ልጨምር። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 60 አምፒር ሰዓት የመኪና ባትሪ ሲሞላ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ሦስት ቀን ያበራል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ትርኢት ምንም አያስረዳም፤ «ለማስነሻ ብቻ» የተባለው ባትሪ ከጀርባው እስካለ ድረስ ጢማሙ ሽማግሌ እሱ ነው።

እንግዲህ አክሲዮን ግዙ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ስለ አሠራሩ አትከራከሩት፤ ንግግሩን ከእናንተ በላይ አጥንቶታል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ባትሪውን ንቀሉ፣ የግድግዳውን ሶኬት ንቀሉ፣ ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቁ፣ የራሳችሁን አምፖል ግጠሙበት፣ ክፍሉን ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱና ከሳምንት በኋላ ክፈቱ። ይህን እምቢ ካለ አንድ ብር አትስጡት።