ከዕዳ የተፈታ ሰው ቤቱን እንደ ገና ስለ ማቆሙ

አንባቢ ሆይ፤ በአሜሪካ አገር ዕዳ በዝቶበት ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ኪሳራውን ያስታወቀ ሰው ከጊዜ በኋላ በፖስታ አንድ ወረቀት ይደርሰዋል። ወረቀቱ ዲስቻርጅ ይባላል፤ ይኸውም ከዕዳ የመፈታት ትእዛዝ ማለት ነው። ደወል አይደወልለትም፥ ጎረቤትም አይሰማውም። ብዙ ሰዎች ይህን ወረቀት አንድ ጊዜ አይተው በመሳቢያ ውስጥ ይጥሉታል፤ እኵሌቶቹ ጭንቀቱ አለፈ ብለው ነው፥ እኵሌቶቹ ግን ከኀፍረት የተነሣ ዳግመኛ ሊያዩት ስለማይወዱ ነው። ስለ መክሰር በመካከላችን ብዙ ይወራል፤ ከከሰሩ በኋላ ቤትን እንደ ገና ስለ ማቆም የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት የሚጀምረው ወረቀቱ ከመጣበት ቀን ነው።

አስቀድሞ ስለ ኀፍረቱ ጥቂት መናገር ይገባል። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቈራኙ ነበር። ዛሬ በሽታ ከመኝታው ያልለየውን ሰው የአልጋ ቁራኛ ስንለው ያ ሰንሰለት በቋንቋችን ውስጥ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ስለ ኪሳራ ሲደነግግ የተናገረው ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበሮች ነበረ እንጂ ስለ ደመወዝተኛ አልነበረም። እንግዲህ ከዚህ ልማድ የወጣ ሰው፥ ሾፌር ወይም አስተናጋጅ በሕግ ፊት ከዕዳው ይፈታል ሲባል ቢሰማ፥ ነገሩ ማጭበርበር ቢመስለው አያስደንቅም። ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ይህን መንገድ የከፈተው ያለውን ሳይደብቅ ለሚያስታውቅ ባለዕዳ አዲስ መጀመሪያ እንዲሆንለት ነው፤ ሀብቱን የሸሸገ ወይም በሐሰት የማለ ሰው መፈታቱን ይከለከላል። በኦሪት ዘዳግም በ15ኛው ምዕራፍ ደግሞ በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲለቀቅ መታዘዙን የሚያውቅ ሰው፥ የዕዳ መለቀቅ የዘመናችን ፈጠራ እንዳልሆነ ያስተውላል። እንግዲህ በእውነት አስታውቀህ ከሆነ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጣውና አንብበው።

ስታነብበው ሁለት ነገር ታገኛለህ። አንደኛው፥ ከተፈታው ዕዳ አንዱን እንኳ ማንም አበዳሪ በስልክ ወይም በደብዳቤ ወይም በክስ ሊጠይቅህ መከልከሉ ነው። በምዕራፍ 7 የሄደ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ በአራት ወር ያህል ያገኛል፤ በምዕራፍ 13 የሄደ ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እንደ ዕቅዱ ከከፈለ በኋላ ነው። ሁለተኛው፥ የማይፈቱ ዕዳዎች መኖራቸው ነው። የልጅ ማሳደጊያ፥ የቅርብ ዓመታት ግብር፥ በማታለል የተወሰደ ብድር፥ የወንጀል መቀጮ አይፈቱም። የትምህርት ብድርም ለብቻው ክስ ቀርቦበት ከባድ ችግር መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ይቀራል። በመኪናና በቤት ላይ ያለው መያዣም እንዲሁ ነው። ዕዳው በአንተ በራስህ ላይ አይጠየቅም፤ መያዣው ግን በመኪናው ላይ ይኖራል፥ ክፍያውን ብታቋርጥ አበዳሪው መጥቶ መኪናውን ሊወስደው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ በእኛ ሰዎች ዘንድ የሚረሳው ግን ዋሱ ነው። ወንድም ለወንድሙ፥ የአገር ልጅ ለአገር ልጅ ለመኪና ብድር ይፈርማል፤ ሲፈርምም ብዙ ጊዜ ወረቀቱን አያነብም፥ ይሉኝታ ይዞታልና። የአንተ መፈታት እርሱን አይፈታውም። በምዕራፍ 13 ዕቅዱ እስኪፈጸም ድረስ ለቤት ፍጆታ በተወሰደ ዕዳ ዋሱ መጠጊያ አለው፤ በምዕራፍ 7 ግን አበዳሪው ወዲያው ወደ እርሱ ዞሮ ሙሉውን ሊጠይቀው ይችላል። ባልና ሚስት በአንድነት የፈረሙበት ካርድም ከሆነ፥ አንዱ ብቻ ኪሳራውን ካስታወቀ ሁለተኛው ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሚስቲቱ የማታውቀው ካርድ፥ ባልዬው ያላየው ደብዳቤ ያለበት ቤት ከፍርድ ቤት ምንም ወረቀት ቢመጣለት ገና አልተፈታም።

እንደ ምሳሌ በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ የሚኖር አንድ ሾፌር እናስብ። ሚስቱ በሆቴል ትሠራለች፥ ሁለት ልጆች አሏቸው። ለመኪናው ዋስ የሆነው ታላቅ ዘመዱ 2,400 ዶላር ከኪሱ ከፍሏል። ይህ ሾፌር ወረቀቱ እንደ ደረሰው ወደ ዘመዱ ቤት ሄዶ፥ «ጋሼ፥ ሕጉ እኔን ፈቷል፤ እርስዎን ግን በእኔ ምክንያት ገንዘብዎን አስወጥቶብዎታል። በየወሩ 100 ዶላር አመጣለሁ፤ ከዚያ በላይ ብል ውሸት ይሆናል» ቢለው፥ በእኔ አስተያየት ቤቱን ማቆም የጀመረው በዚያ ሰዓት ነው። ሕግ አያስገድድም ማለት ሕግ ይከለክላል ማለት አይደለም፤ የተፈታ ሰው በፈቃዱ ሊከፍል እንዲችል ሕጉ ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ጊዜውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ኪሳራውን ከማስታወቁ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ አድልቶ የከፈለውን ገንዘብ የፍርድ ቤቱ ባለአደራ ከዘመዱ እጅ ሊያስመልሰው ይችላል። በምዕራፍ 7 ከተፈታ በኋላ ከአዲስ ደመወዙ የሚከፍለው ግን የራሱ ነው። ደግሞም ለዘመድ በፈቃድ መክፈል ሌላ ነው፤ አንድ ሰብሳቢ ድርጅት «ስለ አሮጌው ዕዳ ይህችን ብቻ ፈርም» ሲልህ መፈረም ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ውል የሚጸናው ከመፈታቱ በፊት ተደርጎ ለፍርድ ቤት ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አትፈርም።

አሁን ወደዚህ ቤት ሂሳብ እንግባ። ባልና ሚስቱ በወር 5,200 ዶላር ያስገባሉ እንበል። የቤት ኪራይ 2,100፥ ምግብ 900፥ የመኪናው ክፍያና ቤንዚን ኢንሹራንስም 850፥ መብራትና ውሃ ስልክም 350፥ የልጆች ጥበቃ 400፥ ወደ አገር ቤት የሚላክ 300። ድምሩ 4,900 ነው፤ የሚተርፈው 300 ነው። ከእርሱ 100ው ለጋሼ ነው፥ 150ው ለክፉ ቀን ይቀመጣል፥ 50ው ለትናንሽ ነገሮች ይቀራል። በ24 ወር የጋሼ ገንዘብ ያልቃል፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠውም በዓመት 1,800 ይሆናል። ይህ እጅግ ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ብዙ ቤት የወደቀው በ1,800 ዶላር ጥገና ምክንያት ካርድ ከመዘዘበት ቀን ጀምሮ ነው።

በዚህ ሂሳብ አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። ሾፌሩ የራሱ ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ ግብሩን የሚቀንስለት አሠሪ የለም። በኪሱ የገባውን ሁሉ የራሱ ገንዘብ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ከተጣራ ትርፉ ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር 15.3 ከመቶ ያህል ይጠየቃል፥ የገቢ ግብሩም ከዚህ በላይ ነው። ግምቱን በዓመት አራት ጊዜ፥ ይኸውም በኤፕሪል፥ በጁን፥ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ መክፈል አለበት። አስቀድሜ የጻፍሁት 5,200 ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ነው። ሾፌሩ በየማታው ከሠራው ላይ የግብሩን ድርሻ ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ ቢያዛውር፥ እንደ ሰው አደራ ቈጥሮ ባይነካው ይሻለዋል። የግብር ዕዳ ከካርድ ዕዳ የሚከፋው ስለዚህ ነው፤ ሁለተኛ ቢከማች በቀላሉ የሚፈታ አይደለምና።

ወደ አገር ቤት ስለሚላከው ገንዘብ ደግሞ እንናገር። እናት ታማለች፥ የእኅት ልጅ ትምህርት ቤት ገባ፥ ዘመድ አርፎ ሐዘን ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልክ በተደወለ ቍጥር ሰው እምቢ ማለት ያቅተዋል። ይህን ፍቅር የሚነቅፍ ሰው ካለ አላውቀውም። ነገር ግን የሚላከው ከካርድ ተበድሮ ከሆነ የሚልከው እርሱ አይደለም፥ ባንኩ ነው፤ ወለዱንም ልጆቹ ይከፍሉታል። ስለዚህ 300 ዶላር ተብሎ አንድ ጊዜ ይወሰን፥ ለእናቱም በግልጥ ይነገራት። «እማዬ፥ በየወሩ ይህችን አላቋርጥም፤ ከዚህ የሚበልጠውን ግን አሁን አልችልም» ብሎ መንገር ከባድ ነው። እናቶች ግን ልጃቸው ሲዋሽ ከማወቅ ይልቅ ልጃቸው ሲቸገር ማወቅን ይታገሣሉ።

እቁብም በዚህ ቦታ ይነሣል፥ በዚያም አገር በሰዎቻችን ዘንድ ተተክሏልና። አሥር ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ቢጥሉ ዕጣው 5,000 ነው። በመጀመሪያው ወር የወሰደ ሰው የጣለው 500 ብቻ ነው፤ እንግዲህ 4,500ው የባልንጀሮቹ ብድር ነው። በመጨረሻው ወር የሚወስደው ግን የራሱን ቁጠባ ይወስዳል። ስለዚህ ከዕዳ የወጣ ሰው ወደ እቁብ ቢገባ ትንሽ ይጣል፥ ኋለኛውንም ዕጣ ይለምን እንጂ በፊተኛው አይጓጓ። ደግሞ እቁብ እንደ ባንክ ተቀማጭ የመንግሥት ኢንሹራንስ የለውም፤ በባንክ ግን እስከ 250,000 ዶላር ድረስ የተጠበቀ ነው። እቁብ ጥሎ መገኘትህንም ለክሬዲት መዝጋቢዎች የሚነግር የለም። ዕጣ ወስዶ ሳይጨርስ ኪሳራውን የሚያስታውቅ ሰው ቢኖር፥ የእቁቡ አባሎች አበዳሪዎች ናቸውና እነርሱንም በዝርዝሩ መጻፍ ይገባዋል። ይህን ከይሉኝታ የተነሣ የሚሸሽግ ብዙ ነው፥ ግን በመሐላ ፊት የሚሸሸግ ነገር አይደለም።

የክሬዲት ነገር ሰውን ከሚገባው በላይ ያስጨንቃል። ኢኵፋክስ፥ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት መዝጋቢዎች አሉ፤ መዝገብህንም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየሳምንቱ ያለ ዋጋ ለማየት በቋሚነት ተፈቅዶልሃል። የምዕራፍ 7 ኪሳራ ካስታወቅህበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ይጻፋል፥ የምዕራፍ 13 ግን ብዙ ጊዜ ከ7 ዓመት በኋላ ይነሣል። በወረቀቱ የተፈታ ዕዳ ሁሉ የቀረው ዜሮ ተብሎ መጻፍ አለበት። አንዱ ገና እንደሚፈለግ ተጽፎ ብታገኝ፥ የመፈታቱን ትእዛዝና የአበዳሪዎችን ዝርዝር ግልባጭ አያይዘህ ጻፍላቸው፤ መዝጋቢው ብዙ ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ሊመረምረው ይገደዳል። ይህን በአንድ ማታ ራስህ ልትጽፈው ትችላለህ። «ክሬዲትህን አጸዳለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅህ ድርጅት ግን ሕግ ይተላለፋል፤ ሥራውን ሳይፈጽም ዋጋ መቀበል ተከልክሏልና። እውነት የሆነውን መጥፎ ታሪክም ማንም ሊፍቀው አይችልም።

ወረቀቱ እንደ ደረሰህ አዲስ የካርድ ግብዣዎች በፖስታ ቢመጡ አትደነቅ። ሰዎች ይህን ሲያዩ «እንደ ገና አመኑኝ» ይላሉ። ነገር ግን አበዳሪው የሚያውቀው ነገር አለ፦ በምዕራፍ 7 የተፈታ ሰው ፊተኛውን ማመልከቻ ካቀረበበት ቀን ጀምሮ 8 ዓመት ሳይሞላ ዳግመኛ አስታውቆ በዚያው ምዕራፍ ሊፈታ አይችልም። ሌላ ዕዳም የለበትም። ስለዚህ ለአበዳሪ የተመቸ ደንበኛ ነው። ካርድ ካስፈለገ በራስህ ተቀማጭ የሚያዝ ካርድ፥ 200 ወይም 300 ዶላር ያህል ተቀምጦበት፥ ይበቃል። በእርሱ ለአንድ ወር ቤንዚን ብቻ ክፈልበት፥ ሂሳቡም ሲመጣ ሙሉውን በቀኑ ክፈል፤ በክሬዲት ሚዛን ከሁሉ የሚበልጠው በጊዜው መክፈል ነውና። ደመወዝ እስኪደርስ ተብሎ ከሚበደሩበት ሱቅ ግን ሽሽ። ለሁለት ሳምንት በ100 ዶላር ላይ 15 ዶላር መጠየቅ ጥቂት ይመስላል፤ በዓመት ሲቈጠር ግን ወደ 400 ከመቶ የሚጠጋ አራጣ ነው።

ቤት የመግዛት ተስፋም የተዘጋ አይደለም። ኤፍ ኤች ኤ በሚባለው የመንግሥት ዋስትና ለሚሰጥ ብድር፥ በምዕራፍ 7 የተፈታ ሰው በተለመደው ደንብ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሊያመለክት ይችላል፤ በእነዚያ ዓመታት አጥርቶ መክፈሉ ግን ይመረመራል። የጋሼ ገንዘብ የሚያልቀው በዚሁ በ24ኛው ወር አይደለምን? በዚያን ጊዜ ያ 100 ዶላር ወዴት ይሂድ የሚለውን ባልና ሚስቱ አብረው ይወስኑ።

አንድ ነገር ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ አንዳንድ አበዳሪ 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ይልካል፤ የተተወልህ ዕዳ እንደ ገቢ ሊቈጠር ይችላል የሚል ነው። ተቀባዩ ይህን ሲያይ ልቡ ይደነግጣል፥ ወይም ቅጹን ቀድዶ ይጥለዋል። በኪሳራ ፍርድ ቤት የተፈታ ዕዳ ግን ገቢ ተብሎ ግብር አይከፈልበትም። ቅጹን አትቅደደው፤ ግብር ስታሳውቅ ፎርም 982 ሞልተህ አያይዝ፥ ግልባጩንም ከመፈታቱ ትእዛዝ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አኑር፤ ሚስትህም ፖስታው ያለበትን ቦታ ትወቅ።