በኢንቨርተር የሚነዳ ሞተር ምን ያህል ኃይል ያባክናል?

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በድሬ ዳዋ ሲያልፍ፣ ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ በ25,000 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። የሎኮሞቲቩ ሞተሮች ግን በዚህ ኤሌክትሪክ በቀጥታ አይሽከረከሩም። ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ከተቀነሰ በኋላ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለወጣል፤ ከዚያም ኢንቨርተር የተባለው መሣሪያ፣ ድግግሞሹ በሚፈለገው ፍጥነት ልክ ከፍና ዝቅ የሚል ባለ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ጅረት ያደርገዋል። በብዙ ፋብሪካዎች ያሉ ፓምፖችና ማራገቢያዎችም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

ኢንቨርተሩ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ስለሚያስተላልፍ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቮልቴጅ ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን የተቆራረጠ ምት ነው። በውስጡ ያሉት ሃርሞኒክ የሚባሉ ፈጣን ሞገዶች ለማሽከርከር እምብዛም ሳይጠቅሙ የመዳቡን ጥቅልና ብረቱን ያሞቃሉ። የጥቅሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ግምታዊ ደንብ ነው። ማቀዝቀዣ አየሩ ራሱ በሚሞቅበት በድሬ ዳዋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ብክነቱን እንዴት እንለካ? የገባውን ኃይል ለክተን የወጣውን መቀነስ ቀላል ይመስላል። 100 ኪሎዋት ገብቶ 92 ቢወጣ ብክነቱ 8 ነው። ሆኖም ሁለቱ መለኪያዎች እያንዳንዳቸው በ0.5 በመቶ ብቻ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሳሳቱ፣ ስሕተቱ ወደ 1 ኪሎዋት ይጠጋል፤ ይህም ከብክነቱ 12 በመቶ ገደማ ነው። ለ50 ኸርዝ ለስላሳ ሞገድ ብቻ የተሠራ መለኪያ ከሆነማ ፈጣኖቹን ሞገዶች በትክክል አያነብም።

ስለዚህ ሙቀቱን ራሱን እንለካለን። ሞተሩን ሙቀት በማያሳልፍ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠን፣ ዘንጉን ከውጭ ካለው ጭነት ጋር እናገናኛለን፤ በሣጥኑ ውስጥ ባለ ቱቦም ውሃ እናሳልፋለን። ሙቀቱ እስኪረጋ ከጠበቅን በኋላ፣ በደቂቃ 12 ሊትር የሚፈሰው ውሃ በ9.5 ዲግሪ ሞቆ ቢወጣ ብክነቱ 8 ኪሎዋት ያህል ነው። የሙቀቱን ልዩነት በ0.1 ዲግሪ ብንሳሳት እንኳ ውጤቱ የሚዛባው በ1 በመቶ ገደማ ነው።

የኢንቨርተሩን ድርሻ ለመለየት፣ ያንኑ ሞተር በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ጭነት መጀመሪያ በለስላሳ ሞገድ፣ ቀጥሎ በኢንቨርተር አሠርተን ሁለቱን ውጤቶች እናነጻጽራለን። ሞተርና ኢንቨርተር የሚገዛ ድርጅትም ሻጩ የሰጠው የብቃት ቁጥር በየትኛው ዓይነት ሞገድ እንደተለካ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።